ሳሉን ሳይሆን ትንፋሹን አድምጪ

የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የልጆች ጤና

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ አንድ በሽታ ናቸው። የመጀመሪያውን በሰፊው እመልሳለሁ። ሁለቱን አጠር አድርጌ።

«ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከአዘዞ ነው። የ14 ወር ወንድ ልጅ አለኝ። ሁለት ቀን አፍንጫው ሲፈስ ሰነበተና ማታ ደህና ሆኖ ተኛ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የውሻ ጩኸት ቀሰቀሰኝ። ግቢያችን ውሻ የገባ መስሎኝ ነበር። ለካ የሚያስለው ልጄ ነው! ድምፁ ጎርንኗል፤ ሲያለቅስ እንኳ አይወጣለትም። አየር ሲስብ ጉሮሮው ውስጥ ፉጨት የመሰለ ነገር ይሰማል። አቅፌው ስዞር አደርኩ። ሲነጋ ተሻለው። በነጋታው ማታ ደግሞ መለሰበት። አማቴ ‹እንጥሉ ወርዶ ነው፤ የሚቆርጥ ሰው አውቃለሁ› ይላሉ። ጎረቤቴ ደግሞ ትክትክ ነው ትላለች። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ «ውሻ የገባ መስሎኝ ነበር» ያልሽውን ሳነብ ደብዳቤሽን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ። እዚሁ ጎንደር ለብዙ ዓመት የሕፃናት ክፍል የሌሊት ተረኛ ነርስ ነበርኩ። ይህንኑ ቃል ከስንት እናት አፍ ሰምቼዋለሁ። ልጇን ከማቀፏ በፊት በር ከፍታ ግቢውን ያየች እናት አውቃለሁ። ይህ ሳል ሌላ ሳል አይመስልም። አንዴ የሰማው ሰው አይረሳውም።

ሐኪም ቤት ክሩፕ እንለዋለን። ልጅሽን ሳላየው ነው የምጽፍልሽ። ግን የነገርሽኝ ሁሉ ወደዚያው ያመለክታል። ሁለት ቀን ጉንፋን፣ ከዚያ በእኩለ ሌሊት ድንገት የሚነሳ የውሻ ሳል፣ የጎረነነ ድምፅ፣ አየር ሲስብ ፉጨት፣ ሲነጋ ቀለል ማለት፣ ሲመሽ ማገርሸት። ዕድሜውም ልክ ነው። ክሩፕ የሚበዛው ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ነው። ከ6 ዓመት በላይ እምብዛም አይታይም።

የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ፓራኢንፍሉዌንዛ የሚባለው። ያው ቫይረስ እኔንና አንቺን ቢይዘን ጉንፋን ሆኖ ያልፋል። ሕፃን ላይ ግን ከድምፅ አውታሩ በታች ያለውን ቦታ ያሳብጠዋል። ብርሌ አስቢ። ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ። የሕፃን የአየር ቧንቧም እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ እንደ ብርሌ አንገት ነው። ስፋቱ 4 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ዙሪያውን በ1 ሚሊሜትር ብቻ ቢያብጥ የሚቀረው ቀዳዳ 2 ሚሊሜትር ነው። አየር የሚያልፍበት ቦታ ወደ ሩብ ወረደ ማለት ነው። የአንቺ ጉሮሮ በዚያው ልክ ቢያብጥ ድምፅሽ ይጎረንናል እንጂ ትንፋሽ አያሳጣሽም። ያ የሰማሽው ፉጨት አየሩ በጠበበው በር ሲሽሎከሎክ የሚያወጣው ድምፅ ነው።

አሁን ከሁሉ በላይ እንድትይዥልኝ የምፈልገውን ልንገርሽ። ሳሉ በጣም ያስደነግጣል። ልጁ ምን ያህል እንደታመመ የሚነግርሽ ግን ሳሉ አይደለም። ትንፋሹ ነው። ሳሉ የሚያስፈራ ሆኖ ልጁ ደህና ሊሆን ይችላል። ሳሉ ቀንሶ ልጁ አደጋ ላይ ሊሆንም ይችላል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። መብራት አብሪ። ተቀመጪና ልጁን ጭንሽ ላይ ቀጥ አድርገሽ ደረትሽ ላይ አስደግፊው። አታስተኚው። ጋቢውን ግለጪ፣ ሹራቡን ወደ ላይ ሰብስቢ፣ ደረቱ ይታይ። ጡት ከፈለገ ስጪው። ለቅሶውን እስኪተው ጠብቂ። ልጅ ሲያለቅስ አየሩን በኃይል ይስባል፤ የጠበበው ቧንቧ ይብስ ይጠባል። ለዚህ ነው በእቅፍሽ ማረጋጋቱ ራሱ ሕክምና የሚሆነው። አንቺ ከተንቀጠቀጥሽ እሱም ይረበሻል። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ድምፅሽን ዝቅ አድርጊና አባብዪው።

ሲረጋ ጆሮሽን ወደ አፉ አስጠጊ። ሲስል ብቻ ነው የውሻ ድምፅ ያለው፣ ትንፋሹ ግን ጸጥ ያለ ነው? እንግዲያው ቀላሉ ነው። ቤት ሆነሽ ትጠብቂዋለሽ፤ ሲነጋ ጤና ጣቢያ ታሳዪዋለሽ። ፉጨቱ ሲያለቅስ ብቻ መጥቶ ሲረጋ ከጠፋም እንደዚሁ፤ ግን ዓይንሽን አትንቀዪ። ረግቶ፣ ጭንሽ ላይ ተቀምጦ ሳለ አየር በሳበ ቁጥር ፉጨቱ ከተሰማ እስኪነጋ አትጠብቂ። ከጎድኑ ሥር ያለው ሥጋ፣ ወይም አንገቱ ሥር ያለችው ጎድጓዳ ቦታ፣ በተነፈሰ ቁጥር ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ እንደዚያው ነው። ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ፊቱ ከገረጣ፣ ከፈዘዘ፣ ወይም ምራቁን መዋጥ አቅቶት ካዝረከረከ ደግሞ አንድም ደቂቃ አታባክኚ።

ያንቺ ልጅ በዚያ ሌሊት ረግቶ ሳለ ያፏጭ ከነበር ሐኪም ቤት መድረስ ነበረበት። ልወቅስሽ አይደለም። የነገረሽ ሰው አልነበረም።

አንድ ሌሊት ላጫውትሽ። ጥምቀት ካለፈ በሦስተኛው ቀን ነው። ከተማው ገና እንግዳው አልወጣለትም፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አንድ አባት የዓመት ተመንፈቅ ልጁን በጋቢ ጠቅልሎ ገባ። «ሲያጣድፈው አመሸ፤ አሁን ግን ተመስገን፣ ጋብ አለለት» አለኝ። ፊቱ ላይ እፎይታ ነበር። ጋቢውን ገለጥኩት። ልጁ አላለቀሰም። ዓይኑ ተከፍቷል፤ ግን እኔን አያይም። ፉጨት የለም። ደረቱን ሳይ ከጎድኑ ሥር አውራ ጣቴን የሚውጥ ጉድጓድ በየትንፋሹ ይሠራል። በሽታው አልነበረም ጋብ ያለው። ልጁ ነው የደከመው። የሚገባው አየር ድምፅ ለማውጣት እንኳ አልበቃም።

አብራኝ ያደረችው ወጣት ነርስ በቀጥታ ክንዱ ላይ መርፌ ልትፈልግ ነበር። ቆይ አልኳት። ከአባቱ ጭን ሳናወርደው ኦክስጅኑን ከአፍንጫው ፊት ያዝንለት። ሐኪሙ መጣ፤ አድሬናሊን በጭጋግ መልክ በጭምብል እንዲሰጠው አዘዘ። ጭምብሉን የያዘው አባት ነው፤ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል ሲሆን ፉጨቱ ተመለሰ። አባት ደነገጠ። እኔ ግን ደስታዬን አልቻልኩትም፤ አየር መግባት ጀመረ ማለት ነዋ! ቀጥሎ ለቅሶው መጣ፤ የጎረነነ፣ ግን የተቆጣ ለቅሶ። ከዚያ ዴክሳሜታዞኑን ዋጠ። ጎህ ሲቀድ አባቱን «ዳቦ» አለው።

መድኃኒቱም ይኸው ነው። የክሩፕ ዋናው መድኃኒት ዴክሳሜታዞን ነው፤ ሰዉ «ዴክሳ» የሚለው። በልጁ ክብደት ተሰልቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንዴ ብቻ፣ በአፍ ይሰጣል። እብጠቱን ያወርዳል። ብዙ ልጆች በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይለወጣሉ፤ ጉልበቱም እስከ ሁለትና ሦስት ቀን ይቆያል። ቀላል ክሩፕ የያዛቸው ልጆችም ይጠቀሙበታል። ለዚህ ነው «ቀላሉም ቢሆን ሲነጋ አሳዪው» ያልኩሽ። ከፋርማሲ ራስሽ ገዝተሽ ግን አትስጪ። መጠኑን የሚያወጣው ልጁን የመዘነ ባለሙያ ነው። ደጋግሞ መስጠት ጉዳት አለው።

አድሬናሊን የሚሰጠው ለባሰበት ነው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይሠራል። ግን በሁለት ሰዓት ገደማ ጉልበቱ ያልቃል፤ ልጁም ሊመለስበት ይችላል። ስለዚህ ተሻለው ብላችሁ ልጁን ይዛችሁ አትውጡ። ሦስትና አራት ሰዓት ቆዩ ሲሏችሁ ምክንያታቸው ይኸው ነው።

አንቲባዮቲክ ክሩፕን አያድንም፤ ቫይረስ ነውና። አሞክሳሲሊን ካልታዘዘልን ብላችሁ ነርስ አታስጨንቁ። የሳል ሽሮፕም አይረዳም። ትኩሳት ካለው ፓራሲታሞል በክብደቱ ልክ ይበቃዋል። አስፒሪን ለልጅ አይሰጥም። ቶሎ ቶሎ አጥቢው፤ ውኃም በትንሽ በትንሹ ስጪው። ምግብ እምቢ ቢል አታስገድጂው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሌሊት ሊከፋ ይችላል፤ ተዘጋጂ። የውሻው ሳል አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ቀን ይለቃል። ተራው ሳል ሳምንት ሊቆይ ይችላል።

ወደ አማትሽ ልምጣ። ክፉ አስበው አይደለም። ልጃቸውም በልጅነቱ ተቆርጦ ይሆናል፤ እሳቸውም ተቆርጠው ይሆናል። ግን አደራሽን፣ ልጁን እንዳታስነኪው። እንጥል የምትንጠለጠለው አፍ ውስጥ፣ ከላንቃ ጫፍ ነው። እብጠቱ ያለው ከማንቁርት በታች ነው። የላዩን ብትቆርጪ የታቹ አይከፈትም። ልጅ ሲያመው እንጥሉ ቀልቶና ረዝሞ ሊታይ ይችላል፤ በሽታውን ያመጣው ግን እሱ አይደለም።

ታዲያ ሰው ለምን «ተቆርጦ ዳነ» ይላል? ይህን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። እናት የመጀመሪያውን ሌሊት ታለቅሳለች። ሁለተኛውን ትጨነቃለች። በሦስተኛው ቀን ወደ ቆራጩ ትወስደዋለች። ክሩፕ ደግሞ በሦስተኛው ቀን ራሱ ይለቃል። ምስጋናውን ቆራጩ ይወስዳል።

ያልዳኑትን ያየነው እኛ ነን። ከአንድ ቆራጭ እጅ የመጣች ሕፃን አስታውሳለሁ። እናቷ አንገቷ ሥር ያደረገችላት ነጠላ በደም ርሷል። ደም የምትውጠው ሕፃን ደሙን ስታስመልስ እናት «ጉበቷ ወጣ» ብላ ጮኸች። ያቺ ልጅ ተርፋለች፤ ሁሉም አይተርፉም። ከደሙ ሌላ ቁስሉ ያመረቅዛል። ቴታነስ አለ። ያው ምላጭ ከልጅ ልጅ ሲዞር ኤች አይ ቪና የጉበት ቫይረስ ይዞ ይዞራል። ሕጋችንም በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ የልጅን እንጥል መቁረጥ ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ተራ አስገብቶታል። ለአማትሽ ሕጉን አትጥቀሺባቸው፤ ይቀየማሉ። ይልቅ ሐኪም ቤት ስትሄጂ አብረውሽ ይሂዱ። ልጁን እሳቸው ይያዙት። መድኃኒቱን ውጦ ሲተነፍስ በዓይናቸው ይዩ።

እንጥሉን ለማየት ብላችሁ ማንኪያ አፉ ውስጥ አትክተቱ። የታመመ ጉሮሮ ሲነካ ልጁ ይታገላል፤ ትንፋሹ ጨርሶ ሊዘጋ ይችላል። እኛም ሐኪም ቤት በግድ አፉን አንከፍትም።

ጎረቤትሽ ትክትክ ያለችው ሌላ ነው። ትክትክ በሳል ድርድር ይመጣል። ልጁ ትንፋሽ እስኪያጣ ደጋግሞ ይስላል፤ መጨረሻ ላይ ረዥም አየር ይስባል፤ ብዙ ጊዜም ያስመልሰዋል። ሳምንታት ይፈጃል። ድምፁ ግን አይጎረንንም።

ከክሩፕ ጋር እንዳታምታቺ የምፈራልሽ ሁለት ነገር ነው። አንዱ ባዕድ ነገር ነው። ጉንፋንና ትኩሳት ሳይኖረው፣ እየተጫወተ ወይም እየበላ ሳለ ድንገት ካነቀውና ካፏጨ ቆሎ፣ ኦቾሎኒ ወይም የባቄላ ፍሬ ገብቶበት ይሆናል። ቡና ሲፈላ የሚቀርበው ቆሎ ስንት ልጅ እንዳስመጣብን! ከረከቦቱ አጠገብ ወለል ላይ የሚንጠባጠበውን ጥረጊ። ሁለተኛው ከፍ ያለ ትኩሳት ኖሮት፣ ሳይስል፣ ወደ ፊት አዘንብሎ ተቀምጦ ምራቁን የሚያዝረከርክ ልጅ ነው። እሱን ሳታስተኚ፣ ሳትነኪ፣ እንደተቀመጠ ይዘሽ መሮጥ ነው። ይህኛውንና ዘጊ አናዳን (ዲፍቴሪያ የሚባለውን ጉሮሮ የሚዘጋ በሽታ)፣ ትክትክንም ጭምር፣ የሚከላከለው በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጠው ክትባት ነው። የልጅሽን የክትባት ካርድ አውጥተሽ እይልኝ። ክትባቱ የተለመደውን ክሩፕ አይከለክልም፤ ክሩፕ የሚመስሉትን ገዳዮች ግን ይከለክላል።

«ሲስተር፣ እኔ ከፒያሳ በታች የምኖር አሮጊት ነኝ። የልጅ ልጄ እንደ ውሻ ሲስል የባህር ዛፍ ቅጠል አፍልቼ ላጥነው ብል ልጄ እምቢ አለች። እሷ ጭራሽ በሌሊት መስኮት ከፍታ ብርድ ላይ አቆመችው! ብርድ መትቶት ታሞ በብርድ ይታከማል? እግዜር ያሳይዎ፣ ማናችን ነን ልክ?»

እማማ፣ እንደምን ሰነበቱ? የሚቆጡኝ ይመስለኛል፤ ግን ልጅዎ ናት ልክ።

ብርድ ሲባል እናቶቻችን እንዴት እንደሚፈሩ አውቃለሁ፤ እኔም እንደዚያው ነው ያደግኩት። በሽታውን ያመጣው ግን ቫይረስ ነው እንጂ ነፋስ አይደለም። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ያበጠውን ጉሮሮ ሸብሸብ ያደርገዋል። ድሮ ቤት ውስጥ ሲያጣጥር የነበረ ልጅ በሌሊት ብርድ ታዝሎ እኛ ጋ ሲደርስ ተሽሎት ስናይ ይገርመን ነበር። ወላጆች «እቤት እኮ እንዲህ አልነበረም» እያሉ ያፍራሉ። በ2015 ዓ.ም. ከስዊዘርላንድ ጄኔቫ የወጣ ጥናት ይህንኑ አሳየ። ዴክሳሜታዞን ከተሰጣቸው ልጆች ከ10 ዲግሪ በታች በሆነ የውጭ አየር ግማሽ ሰዓት የቆዩት ክፍል ውስጥ ከቆዩት ይልቅ ቶሎ ተሻላቸው። የጎንደርን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ያስቡት፤ ቅዝቃዜው ከደጅዎ አለ። ልጁ በጋቢ ይጠቅለል፣ ጭንቅላቱ ይሸፈን፣ ፊቱ ብቻ አየር ያግኝ። ይህ ለቀላሉ ነው። ረግቶ ሳለ የሚያፏጨውን ልጅ ግን አየር አያድነውም፤ ሐኪም ቤት ነው።

እንፋሎቱ እንደማይጠቅም ተፈትኖ ታይቷል። ጉዳቱ ግን የታወቀ ነው። የፈላ ድስት፣ የሚወራጭ ልጅ፣ ጨለማ ክፍል… በዚህ የተቃጠለ ሕፃን ደረት አክሜያለሁ። ክሩፑ በሦስት ቀን ሄደ፤ ጠባሳው አለ። አንድ ነገር ልለምንዎ፦ የከሰሉን ምድጃ ልጁ ከተኛበት ክፍል ያውጡልኝ። እጣኑንም እስኪድን ይተዉት። ጢስ ያበጠ ጉሮሮ ላይ ክፉ ነው። እርስዎ ደግሞ ልጁን ይዘው ያባብሉት። እንደ አያት እቅፍ ልጅ የሚያረጋ የለም፤ ያ ሌሊት የሚፈልገውም እሱን ነው።

«ሴት ልጄ 3 ዓመቷ ነው። ዘንድሮ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። ሰው አስም ነው ይለኛል። ቤታችን ከከተማ ወጣ ስለሚል ሌሊት እፈራለሁ።»

ወንድሜ፣ የሚደጋገምባቸው ልጆች አሉ። ዕድሜያቸው ሲጨምርና ቧንቧው ሲሰፋ ይተዋቸዋል። የአስም ሲርሲርታ አብዛኛውን ጊዜ አየር ሲወጣ፣ ከደረት ይሰማል። የክሩፕ ፉጨት አየር ሲገባ፣ ከጉሮሮ ነው። ሦስት ጊዜ በዓመት ግን የሕፃናት ሐኪም ያለበት ሆስፒታል ወስደህ ማሳየት ይገባሃል። በሕመሙ መካከል፣ ደህና በሆነችበት ሰሞንም የምታፏጭ ከሆነ ይህን ሳትረሳ ንገራቸው፤ ቧንቧው ውስጥ ሌላ ነገር እንዳለ መታየት አለበት። ከ6 ወር በታች የሆነ ሕፃን እንዲህ ከሳለም በመጀመሪያው ጊዜ መታየት አለበት፤ ይህን ለሌሎች አንባቢዎቼም ነው የምለው።

ስልክህ ካሜራ ካለው ሲያማት ደረቷንና ትንፋሿን ግማሽ ደቂቃ ያህል ቅረጽ፤ ድምፁም ይሰማ። ቀን ለሐኪም ስታሳያት ደህና ትሆናለች፤ ያን ጊዜ ቪዲዮው ይናገርልሃል።

ስለ ሌሊቱ፦ ዛሬ ቀን ሳለ ሌሊት ስልክ የሚያነሳ የባጃጅ ሹፌር ፈልግና ተስማማ። መኪና ያለው ጎረቤት ካለም አስቀድመህ ንገረው። ቁጥራቸውን በትልቁ ጽፈህ ከአልጋዋ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፈው። እናቷም፣ ሠራተኛዋም፣ አያቷም ማንበብ ይቻላቸው። ጋቢውንና የክትባት ካርዷን አብረህ በር ሥር ስቀል።